ተጫዋቹ ራሱ ሲያነበው፦ የኳስ ተጫዋቾች ግለ ታሪክ በደሴ–ኮምቦልቻ ሚኒባስ

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ የሰማ ጆሮ፣ ኳስ ተጫዋች የገዛ መጽሐፉን ለድምፅ መጽሐፍ ሲያነብ መጀመሪያ ላይ ይከፋዋል። ሰውየው ተራኪ አይደለም። ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የዋንጫውን ጨዋታ እንደ ደረሰኝ ያነበንበዋል። ግን ጉዳቱ ጋ እስኪደርስ ታገሡት። የጉልበቱ ጅማት የተበጠሰበት ቀን ላይ ንባቡ ይዘገያል፣ ቃሉን ከመጀመሩ በፊት ምራቁን ሲውጥ ይሰማል። የተቀጠረ አንባቢ ይህን አያመጣውም። መልበሻ ክፍል ገብቶ የአሰልጣኙን ስድብ ሲደግምማ ድምፁን ሁሉ ያስመስላል። ገንዘቡ የሚወጣው ለነዚህ ምዕራፎች ነው፤ የጎል ቆጠራውን መዝለል ይቻላል።

አንባቢው እሱ ይሁን እንጂ ዐረፍተ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ነው። የሮይ ኪን የ2014 መጽሐፍ ከአየርላንዳዊው ደራሲ ሮዲ ዶይል ጋር፣ የዝላታን ኢብራሂሞቪች የ2011ዱ ከስዊድናዊው ዴቪድ ላገርክራንትዝ ጋር የተጻፉ ናቸው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ነው)። በዚህ መንገድ የተሠራ መጽሐፍ ስቱዲዮ ሲገባ፣ ለተጫዋቹ አፍ የማይመች ቃል ያደናቅፈዋል። እርማቱ በሌላ ቀን ተቀድቶ ስለሚገባ አንቀጹ መሃል ድምፁ በድንገት ይርቃል ወይም ይቀጥናል። ፋይሉ ተበላሽቷል ብላችሁ ደግማችሁ አታውርዱ።

ከመግዛት በፊት የተራኪውን ስም እዩ። ሁለት ስም ካለ ጠርጥሩ፤ ተጫዋቹ መግቢያውን ብቻ አንብቦ ቀሪውን ለባለሙያ ትቶት ሊሆን ይችላል። በነፃ የሚሰማው ናሙና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ ስለሚቆረጥ፣ የሰማችሁት ድምፅ ከ10 ደቂቃ በኋላ ላይኖር ይችላል። ርዝመቱም ይናገራል፦ 90,000 ቃል ሙሉው ሲነበብ ወደ 10 ሰዓት ይወስዳል፤ 3 ሰዓት የሚል ካያችሁ አሳጥረውታል።

የሊቨርፑልና የግላስጎው አነጋገር የቴሌቪዥን ኮሜንታተር እንግሊዝኛ ለለመደ ጆሮ ይከብዳል። ፍጥነቱን 0.9 አድርጉት። ወደ 0.75 ከወረደ ቃላቱ ይጎተታሉ፣ ጭራሽ አይለዩም።

ክፍያው ራስ ምታት ነው። የድምፅ መጽሐፍ መሸጫው ኦዲብል በአሜሪካ ዋጋው በወር 14.95 ዶላር ሆኖ አንድ መጽሐፍ ያስመርጣል፤ የሚፈልገው ግን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ነው፣ በብር ብቻ የሚሠራው አይሆንም። ውጭ ያለ ዘመድ የሚከፍል ከሆነ፣ አባልነቱን ከማቋረጡ በፊት የቀረውን የመጽሐፍ ምርጫ ይጠቀምበት፤ ሲያቋርጥ ይቃጠላል። የተገዛው መጽሐፍ ግን ይቀራል።

መናኸሪያ ከመሄዳችሁ በፊት ዋይፋይ ላይ አውርዱ። በ64 ኪሎቢት ጥራት 1 ሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ፣ 10 ሰዓቱ ከ300 ሜጋባይት አያልፍም። የስልኩ ድምፅ ማስተካከያ (ኢኳላይዘር) ላይ ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ ቀንሱ፤ የመኪናው ጉርምርምታ ወፍራም ስለሆነ ወፍራም ድምፅን ነው የሚውጠው። ስልኩን ወደ ሞኖ ከቀየራችሁት የሁለቱም ጆሮ ድምፅ በአንዱ ስለሚመጣ አንድ ጆሮ ይበቃል፣ ረዳቱ ሂሳብ ሲል በሌላው ትሰማላችሁ። ሚኒባሱ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲመለስ የሐረጎን ዳገት የሚወጣው በከባድ ማርሽ እየጮኸ ነው። እዚያ ላይ የዝውውሩን ወሬ ስሙ፤ የጉዳቱን ምዕራፍ ለቁልቁለቱ አቆዩት።