ለ4ኛ ክፍል የገዛሁት ባለ12 የውሃ ቀለም

የክወናና የእይታ ጥበባት መምህር ነኝ። ከመርካቶ የገዛኋቸውን 8 ሣጥን የውሃ ቀለሞች ከ46 ልጆች ጋር አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ ሠራንባቸው። ቢጫውና ሰማያዊው ድንቅ ናቸው፤ ሲደባለቁ የሚወጣው አረንጓዴ የመስቀል ሰሞን ሣር ይመስላል። አንዲት ተማሪዬ «መምህር፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት!» ብላ ስትጮህ ክፍሉ ሁሉ ተነሥቶ ከበባት። ቀዩ ግን አሳዝኖኛል። ወደ ብርቱካናማ ያዘነበለ ስለሆነ ከሰማያዊ ጋር ሲገናኝ ሐምራዊ መሆኑ ቀርቶ ጭቃ ይመስላል፤ ልጆቹ ጥፋቱ የእነርሱ እየመሰላቸው ያፍራሉ። አብሮ የሚመጣው ብሩሽ በ2ኛው ሳምንት ፀጉሩ ወረቀት ላይ ይረግፋል፤ ለብቻው ግዙ። የደብተር ወረቀትም ይሸበሸባል፤ እኔ የካርቶን ጀርባ ቆራርጬ ሰጠኋቸው። ቀዩ ካልተስተካከለ ደግሜ አልገዛውም።