የመኪና ቴፕን የኤሌክትሪክ ብልሽት ለመፈተሽ፦ መልቲሜትር ወይስ የመፈተሻ አምፖል?

ከፋብሪካ በኋላ የተገጠመ ቴፕ ቁልፍ በተዘጋ ቁጥር ሰዓቱንና ጣቢያዎቹን የሚረሳ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዘወትር 12 ቮልት የሚያስፈልገው ቢጫ ሽቦና ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚያገኘው ቀይ ሽቦ ተቀያይረዋል፤ ይህን በሁለቱም መሣሪያዎች፣ ማለትም የኤሌክትሪክን መጠን ለክቶ በቁጥር በሚያሳየው መልቲሜትርም ሆነ ኃይል ሲያገኝ በሚበራው የመፈተሻ አምፖል፣ ማወቅ ይቻላል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው መገጣጠሚያው ሲዝግ ወይም ሲላላ ነው። መልቲሜትር ከሽቦው የሚወስደው ኤሌክትሪክ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ በተጎዳ ግንኙነት በኩል እንኳ 12 ቮልት ሊያሳይና ፈታሹን ሊያሳስት ይችላል፤ አምፖሉ ግን ራሱ ጭነት ስለሚሆን፣ ማለትም ለመብራት ከመልቲሜትሩ የበለጠ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ ደብዝዞ ድክመቱን ያጋልጣል፤ ስለዚህ ድምፅ ሲጨመር ለሚጠፋ ቴፕ እኔ አምፖሉን አስቀድማለሁ። መኪናው ቆሞ ባደረ ቁጥር ባትሪው የሚያልቅ ከሆነ ግን ፍጆታውን በሚሊአምፔር ለክቶ የሚነግረን መልቲሜትር ነው። በኤርባግ ሽቦዎች ላይ አምፖሉ ከቶ አይሞከር፤ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ኤርባጉን ሊያፈነዳው ይችላል።