ላንድ ሮቨር ዲስከቨሪ 3 እና 4 ሐዋሳ ላይ፦ ምቾቱ፣ ብልሽቱና ወጪው

ሰባት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ ወደ ዲላ ቢወርድ፣ በክረምት ጭቃ ወደ በንሳ ቢወጣ ዲስከቨሪ ተሳፋሪ አያንገላታም። በዚህ ዋጋ ክልል እንደሱ የሚያስተኛ መኪና ማግኘት ይከብዳል። ገበያ ላይ ግን ስሙ ጠፍቷል። ጉድለቱ እውነት ነው፤ የባሰውን ያመጣው ግን ትንሿን ብልሽት ለነገ ማሳደር ነው። ላንድክሩዘር ችላ ቢሉት ይታገሣል፣ ዲስከቨሪ አይታገሥም።

ትልቁ ገንዘብ በሊ የአየር ሰስፔንሽኑ ነው። አራት የአየር ሞላ፣ አራት የከፍታ ሴንሰር፣ አየሩን የሚያከፋፍሉ ሦስት ቫልቭ ብሎክ፣ የአየር ታንክና አየር የሚሞላ አንድ ኮምፕሬሰር አለው። ነገሩ የሚጀምረው ከአየር ሞላው የጎማ ሽፋን ነው። ታች ተጣጥፎ የሚንከባለልበት ቦታ አቧራና ጠጠር ይፈጨውና ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትወጣለች። መኪናው የጎደለውን አየር ለመሙላት ኮምፕሬሰሩን ደጋግሞ ያስነሳል፤ ኮምፕሬሰሩ ይግላል፣ የፒስተኑ ቀለበት ያልቃል፣ ዳሽቦርዱ ላይም የሰስፔንሽን ማስጠንቀቂያ ይበራል። ከዚያ ባለቤቱ አዲስ ኮምፕሬሰር ይገዛል። ስንጥቋ ግን እዚያው ስላለች አዲሱም በተመሳሳይ መንገድ ይቃጠላል። ኮምፕሬሰር የሚቀየረው ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ብቻ ነው።

ቀዳዳውን ለማግኘት መኪናውን ማታ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው ከእያንዳንዱ ጎማ መሃል እስከ መከለያው ጠርዝ በሜትር ይለኩና ይጻፉ። መኪናው ቆሞም ቢሆን በየጊዜው እየነቃ ሌሎቹን ማዕዘኖች ከወረደው ጋር ያስተካክላል፤ ስለዚህ ጠዋት አራቱም ወርደው ቢገኙ አራቱም ያፈሳሉ ማለት አይደለም። ይህ እንዳያሳስት የሰስፔንሽኑን ፊውዝ ነቅሎ ማሳደር ነው። ጠዋት የወረደው ማዕዘን ከታወቀ ውሃ በኦሞ በጥብጦ ሞላው እጥፋት ላይ፣ የቧንቧው መግቢያ ላይና ቫልቭ ብሎኩ ላይ መቀባት ይበቃል፤ አረፋ የሚሠራበት ቦታ እሱ ነው። በአየር ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ግን የብረት ድጋፍ ሳይገባ ማንም መግባት የለበትም። በድንገት ይወርዳል።

ኮምፕሬሰሩ ሲቀየር ሪሌውም (ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋለት ማብሪያ) አብሮ ይቀየር። ሪሌው ከተጣበቀ ኮምፕሬሰሩ ሳያቋርጥ ይሠራና አዲሱ ይቃጠላል። ከአየር ማውጫው ነጭ ዱቄት ከታየ ደግሞ እርጥበት የሚመጠው ማድረቂያ ፍሬ ተፈጭቷል ማለት ነው፤ ዱቄቱ ቫልቭ ብሎኩን ሳይዘጋ ማድረቂያው ይለወጥ። አየሩን አውጥቶ በሽቦ ሞላ መተካት ዛሬ ተለምዷል። ዕቃ ለማያገኝ ሰው መፍትሔ ነው፣ ግን መኪናው የተገዛበትን ምቾት ይወስዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሞተሩ ነው። የ2.7 እና የ3.0 ሊትር ናፍጣዎቹ የታወቀ ድክመት አላቸው፦ የክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ብሮንዚና ዞሮ የዘይት መግቢያውን ይዘጋል፣ ክራንክሻፍቱም ይሰበራል። ይህ ከደረሰ ሞተር መቀየር ነው። ሙሉ በሙሉ የሚከላከል ነገር የለም፤ አደጋውን የሚቀንሰው ዘይት ነው። ለዲስከቨሪ 3 ፋብሪካው ለዘይት መቀየሪያ የጻፈው 24,000 ኪሎ ሜትር ለእንግሊዝ መንገድ ነው። እዚህ በ8,000 መቀየር፣ ለሞተሩ የተፈቀደውን 5 ደብልዩ 30 ብቻ መጠቀም ያስፈልጋል።

የ2.7ቱ ታይሚንግ ቺንጋ በ168,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ7 ዓመት ይቀየራል። ዲስከቨሪ 3 መመረት ያቆመው በ2009 እ.ኤ.አ. ስለሆነ በዓመት ቆጠራ ሁሉም አልፈውታል፤ የተቀየረበት ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩ። ከሞተሩ ኋላ የከፍተኛ ግፊት ናፍጣ ፓምፑን የሚያዞር ሌላ ቺንጋ አለ፤ ብዙ ጋራዥ ይረሳዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት ላይ ደግሞ የቺንጋው መወጠሪያ የሚታሰርበት የዘይት ፓምፕ ቤት ስስ ነው፣ ይሰነጠቃል። ቺንጋ ሲቀየር ፓምፑም አብሮ በአዲሱ ዓይነት ይለወጥ።

ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ለእነዚህ ሞተሮች መርዝ ነው። ውሃና ቆሻሻ ኢንጀክተሩን ያበላሻል፣ ኢንጀክተሩም እንደ ድሮው በቀላሉ የሚታደስ ዓይነት አይደለም። የናፍጣ ፊልትሮ በ10,000 ይቀየር። ባለ 4.4 ቤንዚኑ ዲስከቨሪ 3 በሰንሰለት ስለሚሠራ የቺንጋ ጣጣ የለበትም፣ ሞተሩም ጠንካራ ነው፤ ግን ከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር አካባቢ ይጠጣል።

የኤሌክትሪኩ ማስጠንቀቂያ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ሦስት አራት መብራት በአንድ ጊዜ ሲበራ የመኪናውን ኮምፒውተር ከመግዛት በፊት ባትሪው ይለካ፦ ቆሞ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር ተነስቶ 14 ገደማ። አነስተኛ ባትሪ የተገጠመለት መኪና የሌለ ብልሽት ያወራል። ቀጥሎ የፍሬን መብራት ስዊች ነው፤ ርካሽ ዕቃ ሆና ሳለ ስትበላሽ የቁልቁለት መቆጣጠሪያውንና ሌሎችንም ታጠፋለች። ተራው የኮድ ማንበቢያ የአየር ሰስፔንሽኑን አያነብም፤ ለላንድ ሮቨር የተሠራው ጋፕ አይአይዲ ቱል ያስፈልጋል። ሁለት ሦስት ባለንብረት ተባብሮ ቢገዛው ያዋጣል።

የእጅ ፍሬኑ ሲታሰር ሲጥ የሚል ድምፅ ካሰማ ዛሬውኑ ተፈትቶ ይታይ። የኋላ ዲስኩ ውስጥ ያለው ሸራ አቧራ ሞልቶታል ወይም አልቋል፤ ከቆየ የእጅ ፍሬኑ ኤሌክትሪክ ሞተር ከልክ በላይ ይስብና ጎማውን ቆልፎ ይቀራል። የፊት የታችኛው እጅ ቡሽም በሻካራ መንገድ ቶሎ ያልቃል። ብሎኑ ቡሹ ውስጥ ይዝጋል፣ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ቡሽ ሲገዛ ብሎኑም አብሮ ይገዛ። የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው በጎማው ላይ በመደበኛ ከፍታው ቆሞ ካልሆነ ቡሹ ተጠማዞ ይቀደዳል።

ዕቃ ፍለጋው ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው፣ ካልተገኘም ከዱባይና ከሻርጃ ይመጣል። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ መተመን ሲጀምር የነዚህ ዕቃዎች ዋጋ አብሮ ወጥቷል። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ጀምሮም ተፈታቶ የሚሸጥ ዲስከቨሪ እየቀነሰ ነው። ዕቃ ሲታዘዝ በሻንሲ ቁጥር ይሁን፤ 3 እና 4 ቢመሳሰሉም ኮምፕሬሰራቸውና ሴንሰራቸው ሁልጊዜ አይገጥምም። አንድ የፊት የአየር ሞላ፣ ሪሌ፣ የፍሬን መብራት ስዊችና የናፍጣ ፊልትሮ ቤት ውስጥ ቢቀመጥ መኪናው ለሳምንታት ከመቆም ይድናል። ጋራዥ ሲመረጥም ሊፍት መኖሩ ይጠየቅ። ቱርቦ ለመቀየር ብዙ ጊዜ ቦዲው ከሻንሲው ስለሚነሳ ጉድጓድ ብቻ ያለው ቤት አይችለውም።

ለመግዛት ያሰበ ሰው መኪናውን ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይየው፤ የዘይት መለኪያውን አውጥቶ ዘይቱን ይየው፣ የቺንጋውን ደረሰኝ ይጠይቅ፣ ከዝቅተኛው ከፍታ እስከ ትልቁ ያስነሳው። ሻጩ አንድ ሌሊት አሳድሮ ለማስለካት እምቢ ካለ የአራቱን ሞላና የኮምፕሬሰሩን ዋጋ ቀንሶ ነው መነጋገር።