ባለ ግማሽ ኢንች ቫልቭ በመቀቀያ ድስት ላይ፦ ከስምንት ወር በኋላ

የቤት ቢራ የሚቀቀልበትን 40 ሊትር ስቴንለስ ድስት በስቶ ቫልቭ መግጠም አይቆጭም። የሚቆጨኝ የገዛሁት ቫልቭ ነው፤ ባለ አንድ አካል የናስ ቦል ቫልቭ፣ የማይፈታ።

የቦል ቫልቭ ሆድ ውስጥ መሐሉ የተበሳ ኳስ አለ። እጀታው ሲዘጋ ኳሱ ይዞርና ቀዳዳው ወደ ጎን ይሆናል፤ ቀዳዳው ውስጥ የነበረው የብቅል ውሃ እዚያው ተዘግቶበት ይቀራል። በኳሱና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተትም እንዲሁ ይሞላል። ቫልቩን ከፍቶ ውሃ ቢለቁበት የሚታጠበው ቀጥተኛው መተላለፊያ ብቻ ነው፤ ከኳሱ ጀርባ ያለው አይነካም። በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ስኳር ያለው ፈሳሽ ለመኮምጠጥ ሁለት ቀን አይፈጅበትም። ምልክቱ ሽታ ነው፤ ቫልቩ ሲከፈት የከረመ አተላ ይሸታል። ከዚያ የጌሾ ቅጠል ፍርፋሪ አብሮ ይወጣል፣ ባለፈው ጊዜ የገባ።

“ይፈላ የለም እንዴ፣ ምን ይተርፋል?” የሚል ሻጭ አይጠፋም። ድስቱ ይፈላል፤ ቫልቩ ግን አይፈላም። በቫልቩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከድስቱ ጋር አይዘዋወርም፤ አየር ላይ ወጥቶ የተንጠለጠለ ስለሆነ ሙቀቱ ከድስቱ ሙቀት ያነሰ ይሆናል። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ድስቱ ራሱ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ማብላያው በርሜል የሚወርደው በደንብ ያልሞቀ አሮጌ ቅሪት ይሆናል። ማስታገሻው ይህ ነው፦ እሳቱ ሊጠፋ 10 ደቂቃ ሲቀረው ግማሽ ሊትር ያህል የፈላውን በቫልቩ አውርዶ ወደ ድስቱ መመለስ፣ ሁለት ጊዜ። እጅ እንዳይቃጠል ረጅም እጀታ ያለው ጣሳ ይጠቅማል።

ለማጠብ ደግሞ እጀታውን እስከ መጨረሻ አለመክፈት ነው የሚሻለው። ግማሽ ላይ፣ በ45 ዲግሪ ሲቆም ውሃው ከኳሱ ዙሪያ ወዳለው ክፍተት ይገባል። በዚያ አቋም ሙቅ የሳሙና ውሃ ማሳለፍ፣ እጀታውን ደጋግሞ ወዲያና ወዲህ ማዞር፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ። የድሬ ውሃ ነጭ ቅርፊት እንደሚተው ማንቆርቆሪያ ያለው ሁሉ ያውቃል፤ ያው ቅርፊት ኳሱ ላይም ይጋገርና እጀታውን ያከብደዋል። የሞቀ ውሃ የተቀላቀለበት አቼቶ ያስለቅቀዋል፤ ናስ ግን አሲድ ውስጥ አያድርም፣ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። በረኪና ስቴንለሱን በነጥብ በነጥብ ስለሚበላው ድስቱም ቫልቩም ዘንድ አይቅረብ።

ይህ ሁሉ ልፋት ባለ ሦስት አካል ስቴንለስ ቫልቭ ላይ አያስፈልግም። እሱ በአራት ረጃጅም ብሎኖች የተያያዘ ስለሆነ መሐሉ ወጥቶ ኳሱና ነጫጭ የቴፍሎን መቀመጫዎቹ በእጅ ይታጠባሉ። ብሎኖቹን አይቶ መለየት ቀላል ነው። የህንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ “ለውሃ የሆነ ለሁሉም ይሆናል” ይባላል። አይሆንም! ውሃ አልፎ ይሄዳል፣ የብቅል ውሃ ይጣበቃል። ናስ ብቻ ከተገኘም ከመገጠሙ በፊት ላዩ ላይ ያለውን እርሳስ፣ መርዛማውን ብረት፣ ማንሳት ይገባል፦ ሁለት እጅ ነጭ አቼቶ፣ አንድ እጅ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። የቅቤ ቀለም ሲይዝ ወጥቶ ይታጠባል።

አገጣጠሙ ላይ ቅሬታ የለኝም። ግማሽ ኢንች ኒፕል (ጥርስ ያለው አጭር ቧንቧ) 21 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ከድስቱ ታች 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ አለዚያ ዳዶው የድስቱ ጥምዝ ላይ ይወጣና አይቀመጥም። 36 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ድስት ግን ያ 5 ሴንቲ ሜትር 5 ሊትር ያህል ማስቀረት ነው፤ ስለዚህ ከውስጥ ወደ ታች የሚያጎነብስ ክርን ይገጠማል። ከውስጥ ጣውላ ደግፎ፣ በቀጭን ፑንታ ጀምሮ፣ በደረጃ ፑንታ ማስፋት። ትራፓኖው በዝግታ ይዙር፣ ዘይት አይለየው፤ ስቴንለስ ከጋለ ይጠነክርና ፑንታውን ይጨርሳል። ጠርዙ በሞረድ ካልለሰለሰ ማሸጊያውን ይቆርጠዋል።

ማሸጊያው ሲሊኮን ይሁን። ጥቁሩ የቧንቧ ጎማ በፈላ ውሃ ይደርቃል፣ ሽታውንም ይለቃል። ዳዶው በእጅ ተጠብቆ ሩብ ዙር ብቻ በቁልፍ ይጨመርለት፤ ከዚያ በላይ ከጠበቀ ሲሊኮኑ ተጨፍልቆ ወደ ጎን ይወጣል። ጋልቫናይዝድ ኒፕል ርካሽ ነው፣ ግን የብቅል ውሃ አሲድነት ዚንኩን ያሟሟዋል። ፍተሻው በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አይበቃም፤ በፈላ ውሃም ይደገም፣ ሙቀት የሚከፍተው ስንጥቅ አለና። የእጀታው ፕላስቲክ ከቡታጋዙ ነበልባል በላይ እንዳይውል አቅጣጫውን ማየት ነው፣ የኔው ጫፉ ቀልጧል።

ባለ ሦስት አካሉ ሲገዛ ቀዳዳው፣ ኒፕሉና ሲሊኮኑ ባሉበት ይቆያሉ። የሚነሳው ቫልቩ ብቻ ነው፤ አሮጌው የቴፍሎን ቴፕ ከኒፕሉ ጥርስ ላይ ተፍቆ አዲስ አራት ዙር ይጠቀለልለታል።