የመስቀል ሰሞን የዴናሊ «ቅናሽ» ለምታስቡ፦ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገኖቼ፣ ዋናውን ነገር ላስቀድም። በመስቀል ሰሞን አላስካ፣ ዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ የሚወስድ «ሁሉን ያካተተ የመኪና ጉዞ» በአማርኛ ማስታወቂያ እየተሸጠ ነው። እኔ አምና ገዝቼዋለሁ። ተካቷል ከተባለው ግማሹ በዚያ ሰሞን ጭራሽ የለም። ተወደደ ወይም ጥራቱ ወረደ እያልኩ አይደለም፤ ተዘግቷል።

የምንኖረው ሲያትል ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ሦስት ወር ከእኛ ጋር ሆነች፤ ከሱቅና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ሳናደርሳት መመለሻዋ ደረሰ። ባለቤቴ በመስቀል ሳምንት ዕረፍት ሲያገኝ «አንድ ነገር እናሳያት» ተባባልን። በዚያው ሳምንት ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያው መጣ፦ በረዶ የለበሰ ተራራ ጥላው ሐይቅ ላይ አርፎ፣ አጠገቡ አውቶቡስ፣ ከጎኑ ድብ ከነልጆቿ። አራት ሰው፣ ሦስት ሌሊት፣ የኪራይ መኪና፣ «ፓርኩ በር ላይ» ሆቴል፣ የአውቶቡስ ጉብኝት፣ የፓርክ መግቢያ። የአውሮፕላኑ ለብቻ ነው። ዋጋው ከ4,100 ዶላር ወደ 2,480 ወርዷል፤ ግማሹን በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ በሚላክ ገንዘብ) ለሚከፍል ደግሞ ሌላ 100 ዶላር ይቀነስለታል።

ሻጩ የእኛው ሰው ነው። ስደውልለት «እህቴ፣ አታስቢ። የረከሰው ከወቅት ውጭ ስለሆነ ነው። ሰው የለም፣ ፓርኩ የእናንተ ነው» አለኝ። ሰው የለም ያለው እንኳ እውነት ነው። 1,200 በዜል፣ 1,180 በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ።

ቀድሜ ማወቅ የነበረብኝን አሁን ልንገራችሁ። ዴናሊ ስድስት ሚሊዮን ኤከር ነው፤ ወደ ውስጥ የሚገባው መንገድ ግን አንድ ብቻ፣ ርዝመቱ 92 ማይል። አስፋልቱ 15ኛው ማይል፣ ሳቬጅ ወንዝ ላይ ያልቃል። በሰመር የግል መኪና የሚፈቀደው እስከዚያ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ ነው የሚገባው። አውቶቡሶቹ ደግሞ ሜይ 20 ገደማ ጀምረው ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ያቆማሉ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም በጠባ በሳምንቱ ገደማ ማለት ነው፤ ለመስቀል አይደርሱም። አውቶቡሱ ሲያበቃ ለጥቂት ቀናት ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች በየመኪናቸው ይገባሉ። እሱም ሲያልቅ በረዶ እስኪዘጋው ድረስ ማንም እስከ 30ኛው ማይል መንዳት ይችላል፤ ዕጣ የለ፣ ቫውቸር የለ።

ያ ሐይቅ ያለበት ፎቶ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ቦታው ወንደር ሌክ ይባላል፤ 85ኛው ማይል ላይ ነው። ኦገስት 2021 ላይ 45ኛው ማይል አካባቢ፣ ፕሪቲ ሮክስ በሚባለው ገደል፣ መሬቱ እየተንሸራተተ መንገዱን ይዞት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አውቶቡሶቹ 43ኛው ማይል ላይ ነው የሚመለሱት። እኛ ስንሄድም በተናደው ቦታ ላይ የሚያሻግረው ድልድይ ገና እየተሠራ ነበር። በሰመር ብንሄድ እንኳ ያን ሐይቅ በአውቶቡስ አናየውም ነበር። ፎቶውን ግን ዛሬም ይሸጡበታል።

አላስካ፣ አንኮሬጅ ከተማ አረፍን። መጀመሪያ የነቃነው መኪና ኪራዩ ጋ ነው። ካውንተሩ ላይ የነበረችው ልጅ መንጃ ፈቃዴን እየመዘገበች የት እንደምንሄድ ጠየቀችኝ። ሻጩ የላከልኝን የጉዞ ፕሮግራም አውጥቼ ሰጠኋት። ሦስተኛው ቀን ላይ «የዱር ዙር» ይላል፤ ካርታው ላይ በቀይ መስመር ተሠምሯል። ልጅቷ እስክሪብቶዋን መስመሩ ላይ አሳረፈችና ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ብዙ ጊዜ ያየችው ነገር ይመስላል። «ይህ ዴናሊ ሀይዌይ ነው። ኮረኮንች ነው። በዚህ መኪና ከገባችሁ ኢንሹራንሱ አይሠራም፣ ብትበላሹም ማስጎተቻው ከኪሳችሁ ነው» አለችኝ። ከዚያ ውሉን ገልብጣ አንቀጹን አሳየችኝና አጠገቡ አስፈረመችኝ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ «ምን ብለሽ ነው የፈረምሽው?» ትለኛለች። ምን ልበላት!

እዚህ ላይ ስሞቹን ለዩ፣ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ፓርክስ ሀይዌይ ከአንኮሬጅ ወደ ፌርባንክስ የሚወስደው ዋናው አስፋልት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። (ስሙ ከፓርኩ የመጣ ይመስላል፤ የቀድሞ የአላስካ ገዥ የጆርጅ ፓርክስ ስም ነው።) ፓርኩ ውስጥ የሚገባው ያ 92 ማይሉ መንገድ ነው። ዴናሊ ሀይዌይ የሚባለው ደግሞ ጭራሽ ፓርኩ ውስጥ የለም፤ ከካንትዌል እስከ ፓክሰን 135 ማይል፣ አብዛኛው ኮረኮንች፣ ከኦክቶበር ጀምሮ በረዶውን የሚጠርግለት የለም። አብዛኞቹ የኪራይ ድርጅቶች መኪናቸው እዚያ እንዲገባ አይፈቅዱም። አንድ ሻጭ የኪራይ መኪና ሰጥቶ በዚያ መንገድ ከላካችሁ፣ ወይ ውሉን አላነበበም፣ ወይ አንብቦ ደንታ የለውም።

237 ማይል ነዳን፣ ማረፊያዎችን ጨምሮ አምስት ሰዓት ፈጀብን። አመሻሽ ላይ ፓርኩ መግቢያ አጠገብ ያለው የሆቴልና የሱቅ መንደር ስንደርስ እኔ የመሰለኝ መብራት የጠፋ ነው። ሱቆቹ መስኮት ላይ ጣውላ ተመቷል። የፒዛ ቤቱ ወንበሮች ተደራርበው በሰንሰለት ታስረዋል። የእኛ ሆቴል በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ በሜይ እንገናኝ ይላል። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጮክ ብሎ አነበበልንና «ሜይ መቼ ነው?» አለ። ባለቤቴ ሞተሩን ሳያጠፋ ቁጭ ብሎ ቀረ። እናቴ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ «ይህን ብርድ ለማየት ነው ከደብረ ብርሃን ያስመጣችሁኝ?» አለች። ከሳቅና ከለቅሶ የትኛውን እንደምመርጥ ጠፋኝ።

ሻጩ ስልክ አላነሳም። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል በጽሑፍ «ወደ ተመጣጣኝ ማረፊያ ተዛውራችኋል» አለና አድራሻ ላከ፦ ሂሊ፣ ከፓርኩ በስተሰሜን 11 ማይል። በሂሊ ላይ ክፉ ቃል የለኝም፤ በክረምትም ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፣ ነዳጅም ማደሪያም አላት፣ ባለቤትየዋም ደግ ሴት ናት፣ ለእናቴ ተጨማሪ ብርድ ልብስ አመጣችላት። ነገር ግን የተሰጠን አንድ ክፍል ነው፣ ሁለት አልጋ፣ ማብሰያ የለውም። ጠዋት ሴትየዋን ስጠይቃት ለሌሊቱ የተቀበለችው 95 ዶላር ነው። በእኔ ደረሰኝ ላይ ሆቴሉ 310 ይላል።

በማግስቱ ፓርክ ገባን። ዋናው የጎብኚዎች ማዕከል ተዘግቶ ሬንጀሮቹ (የፓርኩ ጠባቂዎች) ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውረዋል። «የአውቶቡስ ቫውቸር» የተባለውን ወረቀት ለአንዱ ሰጠሁት። አገላብጦ አየው። አውቶቡስ ካቆመ ከሳምንት በላይ እንደሆነው፣ ወረቀቱም የትኬት ቁጥር እንኳ እንደሌለው ነገረኝ። ከዚያ በጣቱ ታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አሳየኝ፦ «እንደ ወቅቱ ሁኔታ በራስ መኪና በሚደረግ ጉብኝት ሊተካ ይችላል»። በራስ መኪና የሚደረግ ጉብኝት ማለት እንግዲህ ማንም መንገደኛ 15 ዶላር ከፍሎ የሚነዳው መንገድ ነው። ያችን 15 ዶላርም አልከፈሉልንም፤ ለሦስት አዋቂ 45 ዶላር እንደገና ከፈልኩ። ከ16 ዓመት በታች በነጻ ነው የሚገባው፤ የእኔ ደረሰኝ ላይ ግን «መግቢያ፣ አራት ሰው» ተብሎ ልጄም ተቆጥሮበታል።

ያን ቀን በረዶ ስለጣለ ከ15ኛው ማይል በላይ ዘግተውት ነበር። ፓርኩ የሚታወቅበት ትልቁ ተራራ ከ9ኛው ማይል ጀምሮ ይታያል ይባላል፤ እኛ ያየነው ደመና ነው። ለነገሩ በሰመርም ቢሆን ተራራውን አይቶ የሚመለሰው ከሦስት ሰው አንዱ ያህል ነው ይላሉ። እናቴ መስኮቱን በጋቢዋ ጫፍ እየወለወለች «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ ዝም አለች። ቀሪውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ፓርኩን ልውቀስ ግን አልችልም። 3ኛው ማይል ላይ የሬንጀሮቹ ውሾች ቤት አለ፤ በክረምት ፓርኩን የሚዞሩት በውሻ በሚጎተት ስሌጅ (የበረዶ ጋሪ) ነው። ልጄ እዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየ፣ የከፈልነው ነገር የለም። መንገድ ዳር አንድ ወንድ ሙስ (ግዙፍ የአጋዘን ዓይነት) ቀንዱን ተሸክሞ ቆሞ አየን፤ እናቴ «በሬ ነው ወይስ ዛፍ?» አለች። ስንመለስ ደግሞ ፓርክስ ሀይዌይ 135ኛው ማይል አካባቢ ካለው የመመልከቻ ቦታ ላይ ደመናው ሲገለጥ 20,310 ጫማው ተራራ ብቅ አለ። ሃያ ደቂቃ ያህል አየነው። ይህም በነጻ ነው። የጉዞው ጥሩ ጥሩው ሁሉ ሻጩ ያልሸጠልን ሆኖ ተገኘ።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ ካርዱ ላይ ያለውን ወዲያው ዲስፒዩት አደረግሁ፤ ክፍያውን አልቀበልም ብዬ ለባንኩ አመለከትኩ ማለት ነው። በአሜሪካ ሕግ የክሬዲት ካርድ ሂሳብ መግለጫው ከተላከላችሁ ቀን ጀምሮ 60 ቀን አላችሁ፤ በጽሑፍ አድርጉት። ማስታወቂያውን፣ የሆቴሉን በር ፎቶ፣ የሂሊውን ዋጋ፣ ቫውቸሩን አያይዤ ላክሁ። ከ1,180 ዶላር 760 ተመለሰልኝ። የዜሉን 1,200 ባንኩ «ራስሽ ፈቅደሽ ነው የላክሽው» ብሎ ዘጋው። ያቺ የ100 ዶላር ቅናሽ ለምን እንደተፈለገች ያኔ ነው የገባኝ። ሻጩማ «ውሉን አንብበሽ ነው የፈረምሽው፣ እህቴ» አለኝ። አሁንም እህቱ ነኝ።

ከወቅት ውጭ መሄድ የምትፈልጉ ሂዱ፣ እኔም ተመልሼ እሄዳለሁ። ግን ራሳችሁ ያዙት። ከሲያትል በረራው ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። መኪና ስትከራዩ ኮረኮንች ይፈቀድ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ማደሪያ ሂሊ ያዙ፤ ከመያዛችሁ በፊትም በስልክ ደውላችሁ «በዚህ ቀን ክፍት ናችሁ?» በሉ። የመንገዱን ሁኔታ ከራሱ ከፓርኩ ድረ ገጽ በዚያው ጠዋት እዩ። ምግብ ከአንኮሬጅ ይዛችሁ ውጡ፤ እኛ ሁለት ቀን ቆሎና የነዳጅ ማደያ ሳንድዊች እየበላን ነው የከረምነው። ከደላላ መግዛት ካለባችሁ ደግሞ ስለ ዋጋው ከመጠየቃችሁ በፊት የአውቶቡሱን ትኬት ቁጥርና የሆቴሉን ስም ጠይቁ። «ከከፈላችሁ በኋላ ይላካል» ካላችሁ ስልኩን ዝጉት።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ማክሰኞ ዕለት ባለቤቴ ያሳየኝ ነገር ነው። ያው ሐይቅ፣ ያው አውቶቡስ፣ ያችው ድብ ከነልጆቿ። ዘንድሮ ዋጋው 2,650 ሆኗል፣ ከላዩ ላይ የመስቀል ደመራ ሥዕል ጨምረውበታል።