በጾም ቀን እናቴን ላስተናገደው የራሲካ ሠራተኛ ምስጋና

ዋሽንግተን ዲሲ ፔን ኳርተር አካባቢ ባለው ራሲካ የህንድ ሬስቶራንት ውስጥ ለሚሠራ አንድ ወጣት አስተናጋጅ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እፈልጋለሁ። ሳላስፈቅደው ስሙን አልጽፍም። ያስተናገደን በፍልሰታ ጾም ነው፤ እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነበር።

ራሲካን በስም የምታውቁት ብዙ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተ ቤት ነው። ሼፉ ቪክራም ሰንደራም እ.ኤ.አ. በ2014 የጄምስ ቢርድ ሽልማት አግኝተዋል፤ አሜሪካ ውስጥ ለምግብ ባለሙያ ትልቅ ክብር ነው። እኛንም የወሰደን ይኸው ዝና ነው።

ጾመኛ ይዞ ህንድ ቤት መሄድ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አትክልቱ፣ ምስሩ፣ ሽምብራው ሞልቷል! ግን ምስሩ በቅቤ ሊቁላላ ይችላል። ዳል ማካኒ የሚባለው ወጥ ከሆነማ ቅቤም ክሬምም አለበት። ናን የሚባለው ዳቦ ሊጡ ብዙ ጊዜ በእርጎ ወይም በወተት ይቦካል። ፓኒር አይብ ነው። ህንድ አገር ሥጋ የማይበላው ሰው ወተትና ቅቤ ይበላል፤ ስለዚህ ሜኑ ላይ ቬጀቴሪያን የሚል አይቶ ማዘዝ ለእኛ ጾም አይሆንም። ሌላ ቤት ቅቤ አለው ወይ ብለን ስንጠይቅ «አይመስለኝም» ተብለን፣ እማዬ ነጭ ሩዝ ብቻ በልታ ተነስታለች።

ይህ ልጅ በግምት አልመለሰልንም። የምትጾመውን አንድ በአንድ ጠየቀኝና ጻፈው። ወጥ ቤት ገብቶ ቆየ። ሲመለስ ሜኑው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎ ነው የመጣው፦ ይሄ ይሆናል፣ ይሄ አይሆንም፣ ይሄን ደግሞ በዘይት ይሠሩላታል። ቤቱ የታወቀበት ፓላክ ቻት፣ በሽምብራ ዱቄት ተነክሮ የሚጠበስ ስፒናች፣ ከላዩ እርጎ ይፈስበታል። ለእሷ እርጎው ቀርቶ የታማሪንዱና የተምሩ ማጣፈጫ ብቻ ተደረገበት። ስትበላው ድምፁ ይሰማል፤ እንደዚያ ነው የሚንኮሻኮሸው። በናን ፋንታ በዱቄትና በውሃ ብቻ የተጋገረ ትኩስ ሮቲ፣ የህንድ ቂጣ፣ መጣላት። ምስሩን ስትቀምስ «ድምብላሉን አልሰሰቱትም» አለች። ከእማዬ አፍ ይሄ ትልቅ ሙገሳ ነው።

ደስ ያለኝ ሌላም አለ። እማዬ ሮቲውን በእጇ ቆርሳ ስትጀምር፣ እሱ ምንም ሳይል ሹካና ቢላውን አነሳላት። በልታ ስትጨርስ ለብ ያለ ውሃ ሎሚ ጣል አድርጎበት በሳህን አመጣ። ያን ሁሉ ሲያደርግ አንድም ጊዜ አስቸገራችሁኝ የሚል ፊት አላሳየም። «ተባረክ የኔ ልጅ፣ እደግ» ብላ መረቀችው። ስተረጉምለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ አለላት።

ወንድሜ፣ እናታችንን ስላከበርክልን እግዚአብሔር ይስጥልን።

ለመሄድ ካሰባችሁ፣ በተለይ ለዓርብና ለቅዳሜ ማታ ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ። ስትይዙም ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የማይበላ ሰው እንዳለ ጻፉላቸው፤ ወጥ ቤቱ ይዘጋጅበታል። ከጋለሪ ፕሌስ ሜትሮ ጣቢያ በእግር ቅርብ ነው። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ለልዩ ቀን የሚሆን ቤት ነው። ጥሩ ያስተናገዳችሁን ሰው ደግሞ ከጉርሻው በተጨማሪ ለማናጀሩ በስሙ ጠርታችሁ ንገሩለት። እኛም ነግረንለታል።