ፌሮ ልትገዙ ነው? "የት ቀለጠ?" ብላችሁ ጠይቁ

ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ፌሮ ሱቅ ስትገቡ የምትጠየቁት ሁለት ነገር ነው። "ባለ ስንት?" እና "ስንት ቤርጋ?" ከዚያ ዋጋ፣ ከዚያ የመኪና ጉዳይ፣ አለቀ። ብረቱ የት ቀለጠ፣ ከምን ቀለጠ ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ብዙ የለም። እኔም ለእናቴ ቤት ስገዛ አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያው ጭነት ከወረደ በኋላ ፌራዮው ባለ 12ቱን (12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን) እያገላበጠ "ይሄ ነገር ቀጠን አለብኝ" አለ። ልክ አንድ ሜትር ለክቶ ቆረጠልኝ። ይዘነው ሰፈር ካለው ሱቅ ሄድንና ስኳር የሚመዘንበት ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። ባለ 12 ፌሮ በሜትር 888 ግራም መመዘን አለበት። የእኛው 815 ወጣ። ከመቶ ቤርጋ ስምንቱን ሳልረከብ ከፍያለሁ ማለት ነው። ሻጩ ጋ ደውዬ የፋብሪካ ሰርተፊኬት ስጠይቀው "ወረቀት እንኳን የለውም፤ ግን ጥሩ ብረት ነው" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን መከታተል የጀመርኩት። አንድ ነገር ገባኝ። የፌሮውን ጥንካሬ የሚነግራችሁና አካባቢን ምን ያህል እንደጎዳ የሚነግራችሁ መረጃ መነሻቸው አንድ ነው፤ ብረቱ የቀለጠበት ምድጃ። ስለዚህ ገበያ ላይ ያሉትን ሦስት ዓይነት ፌሮዎች በዚህ መንገድ ላወዳድርላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ምድጃው

በዓለም ላይ ብረት በዋናነት በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ከማዕድን ነው። የብረት ማዕድኑ ከድንጋይ ከሰል ከተሠራ ኮክ ጋር ማማ በሚያክል ምድጃ ውስጥ ይገባል። ብላስት ፈርነስ ይባላል። ከዓለም ብረት 70 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁለተኛው መንገድ ውዳቂ ብረትን በኤሌክትሪክ ማቅለጥ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የዓለም ብረት አምራቾች ማኅበር የሆነው ወርልድ ስቲል በሚያወጣው አማካይ ስሌት፣ በመጀመሪያው መንገድ አንድ ቶን ብረት ሲመረት 2.3 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በሁለተኛው 0.7 ቶን ገደማ ነው። ለአንድ መካከለኛ ቤት 10 ቶን ፌሮ ገዛችሁ እንበል። አንደኛው 23 ቶን፣ ሌላኛው 7 ቶን ነው። በቤንዚን ብናስበው የመጀመሪያው 10 ሺህ ሊትር እንደማቃጠል፣ ሁለተኛው 3 ሺህ ሊትር እንደማቃጠል ነው። መኪና ያለው ሰው ይህን ስንት ዓመት እንደሚነዳበት ያውቃል።

ብዙ ሰው "ከሩቅ የመጣ ከሆነ መርከቡና መኪናው ነው የሚበክለው" ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። በእኔ ስሌት ግን ከቻይና ጅቡቲ ያለው ባሕርና ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ተደምሮ ብላስት ፈርነሱ ከሚያወጣው አንድ አስረኛውን እንኳ አይሞላም። ዋናው ጉዳይ ምድጃው ነው።

አንደኛ፦ አልቆለት ከውጭ የገባ ፌሮ

"የውጭ ነው" ማለት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የቻይና ብረት ከአሥር እጅ ዘጠኙ በብላስት ፈርነስ የተሠራ ነው። ቱርክ ግን ከብረቷ 70 በመቶ ያህሉን የምታመርተው በኤሌክትሪክ ነው። በዓለም ላይ ትልቋ የውዳቂ ብረት አስመጪም እሷ ናት። ሁለቱም ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ሲደረደሩ "የውጭ" ይባላሉ፤ የካርቦን ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው።

ከማዕድን የሚሠራ ብረት ሌላም ዕዳ አለበት። ማዕድኑ የወጣበት ቦታ። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ብራዚል ብሩማዲኞ ላይ የብረት ማዕድን ማውጫ ዝቃጭ የተጠራቀመበት ግድብ ተንዶ 270 ሰው ሞቷል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የማዕድኑ ሠራተኞች ነበሩ፤ ዝቃጩ የምሳ አዳራሻቸውን ጠራርጎ ወሰደው። "በኃላፊነት መግዛት" ሲባል እንዲህ ያለው ነገር ጭምር ይታሰባል።

ከውጭ የሚገባ ፌሮ ጥሩ ጎን ወረቀቱ ነው። ደህና ፋብሪካ ለእያንዳንዱ ቅልጥ ቁጥር ይሰጣል፤ ሂት ነምበር ይሉታል። የብረቱ ኬሚካል ይዘትና ጥንካሬው በዚያ ቁጥር ሰርተፊኬቱ ላይ ይሰፍራል። አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2026 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚገባለት ብረት በካርቦኑ መጠን ልክ ክፍያ እንዲኖርበት አድርጓል። ወደ አውሮፓ የሚልኩ ፋብሪካዎች ልቀታቸውን መለካት ግድ ሆኖባቸዋል። ስለዚህ አስመጪያችሁ ቁጥሩን ከፋብሪካው ጠይቆ ሊያመጣላችሁ ይችላል። እኛ አገር ስላልተለመደ ብቻ አትተዉት።

ሁለተኛ፦ ቢሌቱ ከውጭ መጥቶ እዚህ የተዳመጠ

ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ፌሮው ላይ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ስም አለ፤ ገዢው "የአገሬ ምርት፣ በውኃ ኃይል የተሠራ" ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን ግማሽ ነው። ቢሌት የሚባለው ወፍራም የብረት ዘንግ ከውጭ ቀልጦ ተሠርቶ ይገባል። እዚህ የሚደረገው እንደገና እስኪቀላ አሙቆ ቀጥ ባለ መዳመጫ ውስጥ እያሳለፉ ማቅጠን ነው። ለማሞቂያው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነደው ጥቁር ናፍጣ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ካርቦን ቢሌቱ የቀለጠበት አገር ቀርቷል፤ የእኛ ግድብ አላጸዳውም።

ይህን የምለው እንድትሸሹት አይደለም። ሥራ የሚፈጥረው እዚህ ነው፤ ከአልቆለት ዕቃም ያነሰ የውጭ ምንዛሪ ይወስዳል። ከታወቀ ፋብሪካ የመጣ ቢሌት ኬሚካሉ የተስተካከለ ስለሆነ ፌሮውም ወጥ ይሆናል። የምትጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። "የቢሌቱን ሰርተፊኬት አሳየኝ።" የፌሮውን ብቻ አይደለም፤ የቢሌቱን። የመጣበት አገርና ፋብሪካ እዚያ ላይ አለ።

ሦስተኛ፦ ከውዳቂ ብረት እዚሁ የቀለጠ

በካርቦን ከሄድን ይህን የሚያክል የለም። ወርልድ ስቲል እንደሚለው አንድ ቶን ውዳቂ ብረት እንደገና ሲቀልጥ 1.4 ቶን ማዕድንና 740 ኪሎ የድንጋይ ከሰል ይተርፋል። በዚያ ላይ ማቅለጫው የሚሠራው በእኛ ኤሌክትሪክ ነው፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ደግሞ ከውኃ የሚመነጭ ነው። የዓለም አማካዩ 0.7 ቶን የተባለው በከሰልና በጋዝ የሚመነጭ ኤሌክትሪክንም ጨምሮ ነው። የእኛው ከዚያ በታች የመውረድ ዕድል አለው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚሁ ላይ ነው። አገር ውስጥ በብዛት የሚሠራበት ማቅለጫ ኢንዳክሽን ፈርነስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ይህ ምድጃ ያቀልጣል፤ ብዙም አያጣራም። ፎስፈረስና ሰልፈር ከገቡበት እዚያው ይቀራሉ። ፎስፈረስ የበዛበት ብረት ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። መዳብ ደግሞ በየትኛውም ምድጃ ተጣርቶ አይወጣም፤ የሞተር ጥቅልል ያልተፈታበት ውዳቂ ሲገባ አብሮ ይቀልጣል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2017 በኢንዳክሽን ፈርነስ ፌሮ የሚያመርቱትን በሙሉ የዘጋችው በጥራቱና በብክለቱ ምክንያት ነው። ወደ 140 ሚሊዮን ቶን የማምረት አቅም ነው የተዘጋው።

ታዲያ አይገዛም ማለት ነው? አይደለም። ውዳቂውን በደንብ የሚለይ፣ እያንዳንዱን ቅልጥ ከማፍሰሱ በፊት በስፔክትሮሜትር (የብረቱን ኬሚካል ይዘት በሚለካ መሣሪያ) የሚመረምር ፋብሪካ ጥሩ ፌሮ ያወጣል። የማይመረምር ከሆነ ዕድል ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁ "ስፔክትሮሜትር አላችሁ? የዚህን ቅልጥ ውጤት አሳዩኝ" ነው። ሳይት ላይ ደግሞ ፌራዮው ስታፋ (ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያቅፈውን ቀለበት) ሲያጥፍ አጠገቡ ቁሙና የታጠፈበትን የውጭ ጀርባ ተመልከቱ። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለች አስቁሙት።

ጭሱንም አትርሱ። ውዳቂ ሲቀልጥ የሚወጣው አቧራ ዚንክና እርሳስ አለው። ጭሱን የሚያጣራ ከረጢት የሌለው ፋብሪካ ካርቦኑ ቢቀንስም መርዙን ለጎረቤት ልጆች ይልካል። ፋብሪካ ሄዳችሁ ማየት ከቻላችሁ ጣሪያውን ተመልከቱ። ጭሱ በቱቦ ተስቦ ከሄደ ጥሩ ነው። በጣሪያው ቀዳዳ ሁሉ የሚወጣ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

ውዳቂው ራሱ ከየት መጣ?

ጠዋት በየሰፈራችን "ቆራሌው!" እያለ የሚዞረው ልጅ የዚህ ሰንሰለት መጀመሪያ ነው። ከእሱ ወደ ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም ወደ ትልልቅ ነጋዴዎች፣ ከዚያ ወደ ማቅለጫ። እኔ ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ ክብር አለኝ። የትልልቅ ኩባንያዎች "ዘላቂነት" የሚለው ቃል ሳይመጣ በፊት ሥራውን ሲሠሩት ኖረዋል። ጓንት እንኳ ሳይኖራቸው።

ግን ሁሉም ውዳቂ ውዳቂ አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት የከፍተኛ መስመር ታወሮቹ ብረት እየተፈታ እንደሚሰረቅበት በየጊዜው ሲናገር እንሰማለን። የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳንም እንደዚያው። ያ ብረት የሆነ ቦታ ይሸጣል፤ የሆነ ቦታ ይቀልጣል። ሰሜን ውስጥ ደግሞ ከጦርነቱ የተረፉ ያልፈነዱ ተተኳሾች ሰዎችን፣ በተለይ ሕፃናትን ጎድተዋል። እንዲህ ያለ ብረት ውዳቂ ውስጥ ከገባ ለለቃሚውም ለአቅላጩም ሞት ነው።

ከሁሉም የሚያስደነግጠኝ ግን የሜክሲኮው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሲዩዳድ ኋሬዝ ከተማ ውስጥ አንድ አሮጌ የካንሰር ሕክምና መሣሪያ ለውዳቂ ብረት ተሸጠ። ውስጡ ጨረር አመንጪ ኮባልት 60 ነበረው። ቀለጠ፤ ፌሮ ሆነ፤ ተሸጠ። የታወቀው በጥር 1984 ነው፤ ያንን ፌሮ የጫነ መኪና አሜሪካ ሎስ አላሞስ የኑክሌር ቤተ ሙከራ በር ላይ ሲያልፍ ጠቋሚው ጮኸ። ሜክሲኮ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች በዚያ ፌሮ ተሠርተው ስለነበር በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ፈረሱ። ስለዚህ ፋብሪካው በር ላይ የጨረር መለኪያ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። ውዳቂውን በደረሰኝ ነው ወይስ በጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚገዛው ብሎ መጠየቅም እንዲሁ።

ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ወረቀቶች

ሻጮች "ሰርተፊኬት አለን" ሲሉ የቱን እንደሆነ ለዩ። አይሶ 9001 ስለ ጥራት አሠራር ነው። አይሶ 14001 ስለ አካባቢ አሠራር ነው። ሁለቱም ፋብሪካው ሥርዓት እንዳለው ይናገራሉ እንጂ እናንተ የምትገዙት ፌሮ ስንት ካርቦን እንዳለው አይናገሩም። ያንን የሚናገረው ኢ.ፒ.ዲ. የሚባለው የምርት አካባቢያዊ መግለጫ ነው፤ ቁጥሩ በአንድ ቶን ተጽፎ፣ በገለልተኛ አካል ተረጋግጦ ይወጣል። ሪስፖንሲብል ስቲል የሚባል ደግሞ አለ። ይህ ፋብሪካውን ከሠራተኛ መብት እስከ ጥሬ ዕቃ ምንጭ የሚመረምር ነው። ለመኖሪያ ቤት ኢ.ፒ.ዲ. ባታገኙ አይገርምም። ለሆቴል፣ ለፋብሪካ ወይም የውጭ አበዳሪ ለሚጠይቅበት ሕንፃ ግን ጨረታው ላይ ጻፉት።

ከፈረሰ ቤት የወጣ ፌሮ

በመዶሻ ተቃንቶ የሚሸጠውን ማለቴ ነው። ለአጥር፣ ለዶሮ ቤት፣ ለጊዜያዊ ሥራ ከዚህ የተሻለ አረንጓዴ ብረት የለም። ሕንፃውን ለሚሸከሙት ለኮለን፣ ለቢምና ለሶሌታ ግን አይሆንም። አንዴ ታጥፎ የተቃና ብረት እንደ አዲስ አይታመንም።

እኔ ምን እገዛለሁ?

እዚሁ የቀለጠ፣ የቅልጡ ምርመራ ውጤት ያለው ፌሮ ካገኘሁ እሱን። ውጤቱ ከሌለ አልነካውም፤ የቢሌቱ ምንጭ የታወቀ እዚህ የተዳመጠ እወስዳለሁ፤ ቢሌቱ ከቱርክ ከሆነ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ለትልቅ ሕንፃ ከሆነ ወረቀቱ ሙሉ የሆነ የውጭ ፌሮ አይከፋም። ወረቀት የሌለው ርካሽ ፌሮ ግን ከየትም ይምጣ ከየት ግቢዬ አይገባም።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ከፌራዮውና ከመሐንዲሱ ጋር የመቁረጫ ዝርዝር ሥሩ። ፌሮ 12 ሜትር ሆኖ ነው የሚመጣው። ሳይታሰብ ሲቆረጥ አንድ ሜትር፣ ሜትር ተኩል እየሆነ ጥግ ላይ ይከመራል። ከሁሉም ያነሰ ካርቦን ያለው ፌሮ ያልተገዛው ነው።

ለእናቴ ቤት ሁለተኛውን ጭነት ከሌላ ቦታ ነው የገዛሁት። ያው ፌራዮ አንድ ሜትር ቆረጠ፤ ያው ሱቅ ሄድን። 881 ግራም። እሽጉ ላይ የታሰረችውን የሂት ነምበር ያለባትን ቆርቆሮ ፈትቼ፣ ከሰርተፊኬቱ ጋር አመሳክሬ፣ ከቤቱ ፕላን ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጫታለሁ።